የኤሌክትሪክ መኪና ስትገዙ ስለ ባትሪው ጠይቁ

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ የአዲስ መኪና ፈላጊው ምርጫ በአብዛኛው ከቻይና የሚመጡት የኤሌክትሪክ መኪኖች ሆነዋል። በሻጮቻቸው መካከል ያለው ፉክክር መልካም ነው፤ የመኪና ዋጋ ግን በግዢው ቀን ብቻ አይለካም። ያገለገለች ቶዮታ ቪትዝ ዋጋዋን ይዛ የቆየችው መለዋወጫዋ በየሱቁ፣ ሞተሯን የሚያውቅ መካኒክም በየሰፈሩ ስለሚገኝ ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር የዘይት ቅያሪም ሻማም አያስፈልገውም። ከመኪናው ዋጋ ትልቅ ድርሻ የሚይዘው ባትሪ ግን በዕድሜና በሙቀት አቅሙ ይቀንሳል።

ኤሌክትሪክ ከቤንዚን ይረክሳል የሚሉ እውነት አላቸው፤ ኃይላችን በአብዛኛው ከውኃ የሚመነጭ ነው። ሆኖም ከነዳጅ የተረፈውን ገንዘብ አንድ የባትሪ ቅያሪ ሊበላው ይችላል። ስለዚህ የባትሪውን ዋስትና እዚሁ አገር ውስጥ ማን እንደሚፈጽም በጽሑፍ ሳትቀበሉ ቀብድ አትክፈሉ።