የቆርቆሮውን ጀርባ አንብቡ

የዚህ ወር ወጋችን ጡጦ ለሚያዘጋጅ ሁሉ ነው፤ ለእናት፣ ለአባት፣ ለአያት፣ ለሞግዚት። እንደምታውቁት የማርኬቲንግ ባለሙያ ነኝ። በእኛ ሙያ የማሸጊያው ፊት መሸጫ ነው። ስሙ፣ ቀለሙ፣ የቫይታሚኑ ብዛት እዚያ ይደምቃል። ጥንቃቄው ግን በደቃቅ ፊደል ከጀርባ ይጻፋል። የሕፃናት ዱቄት ወተት ስትገዙ ቆርቆሮውን ማዞር አትርሱ።

ብዙዎቻችን የታሸገ ቆርቆሮ ስናይ ውስጡ ያለው ሁሉ ከጀርም የጸዳ ይመስለናል። ዱቄት ወተት ግን እንደዚያ አይደለም። በፋብሪካ ሲደርቅና ሲታሸግ ባክቴሪያ ሊገባበት ይችላል። በዋናነት የሚያሳስቡት ሳልሞኔላና ክሮኖባክተር ናቸው። ክሮኖባክተር በደረቅ ዱቄት ውስጥ ሳይሞት ረጅም ጊዜ ይቆያል፤ ለብ ባለ ወተት ውስጥ ሲገባ ደግሞ ይራባል። በሽታው የሚያጋጥመው አልፎ አልፎ ነው። ሲያጋጥም ግን ደም ውስጥ ገብቶ ወይም ማጅራት ገትር አስከትሎ ሕፃኑን ሊገድል ይችላል። ይበልጥ የሚጠቁት ከ2 ወር በታች ያሉ፣ ያለጊዜያቸው የተወለዱና ክብደታቸው አነስተኛ የሆኑ ሕፃናት ናቸው።

«ትልቅ ኩባንያ ነው፣ የውጭ ነው» ብላችሁ አትዘናጉ። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2022 የአሜሪካው አቦት በሚሺጋን ፋብሪካው ያመረታቸውን ዱቄት ወተቶች፣ ሲሚላክን ጨምሮ፣ ከገበያ ሰበሰበ። ከዚያ ፋብሪካ የወጣ ወተት ጠጥተው በክሮኖባክተር የታመሙ 4 ሕፃናት ሪፖርት ተደርገው ነበር፤ ሁለቱ ሞተዋል። ባክቴሪያው በፋብሪካው ውስጥ ተገኝቷል፤ ለምርመራ ከቀረበው የሕፃናት ናሙና ጋር ግን አልተመሳሰለም። በ2017 መጨረሻ ደግሞ የፈረንሳዩ ላክታሊስ በሳልሞኔላ ምክንያት ምርቱን መሰብሰብ ጀመረ፤ ጉዳዩ ከ80 በላይ አገሮችን ነካ።

ኩባንያ ምርቱን ሲሰበስብ የሚያሳውቀው ለሚያውቃቸው አስመጪዎችና ሱቆች ነው። ከዱባይ ወይም ከዋሽንግተን በዘመድ ሻንጣ የመጣው ቆርቆሮ ግን በማንም መዝገብ ላይ የለም። ስለዚህ ከመክፈታችሁ በፊት የምርቱን መለያ ቁጥር በኩባንያው ድረ ገጽ ላይ ከተሰበሰቡት ጋር አመሳክሩ። ዱቄቱን ወደ ሌላ ዕቃ አትገልብጡ፤ ቁጥሩ አብሮ ይጠፋል።

በቤታችሁ ማድረግ የምትችሉት ግን ከሁሉ ይበልጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ምክር ዱቄቱ ከ70 ዲግሪ ባላነሰ ውሃ እንዲበጠበጥ ነው። ባክቴሪያውን የሚገድለው ይህ ሙቀት ነው።

• እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ ጡጦውን ከነጫፉ አጥባችሁ ቀቅሉ።

• ውሃውን አፍልታችሁ ከ30 ደቂቃ በላይ ሳታቆዩ ተጠቀሙበት። በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ብዙ አትጠብቁ። ጠዋት ፈልቶ በፔርሙስ የዋለ ውሃ ሙቀቱ ሊወርድ ይችላል። የታሸገ ውሃም ቢሆን መፍላት አለበት።

• ከበጠበጣችሁ በኋላ ጡጦውን ከድናችሁ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አብርዱት። እጃችሁ ላይ ጠብ አድርጋችሁ ሙቀቱን ሳትፈትሹ አትስጡ።

• ለአንድ ጊዜ የሚበቃውን ብቻ አዘጋጁ። በ2 ሰዓት ውስጥ ያላለቀውን ድፉት። «ያሳዝናል፣ ውድ ነው» ብላችሁ ለማታ አታሳድሩ።

አንዳንድ ቆርቆሮ ላይ «ለብ ባለ ውሃ በጥብጡ» የሚል ታገኛላችሁ። ልጃችሁ ከ2 ወር በታች ከሆነ ወይም ያለጊዜው ከተወለደ፣ የትኛውን መከተል እንዳለባችሁ የሕፃናት ሐኪማችሁን ጠይቁ። ፈሳሽ ሆኖ የተዘጋጀ፣ ከጀርም የጸዳ ወተት መኖሩንም አንሱበት።

አራስ ልጅ ካተኮሰው፣ አልጠባ ካለ፣ ከፈዘዘ ወይም ያለማቋረጥ ካለቀሰ ነገ አትበሉ፤ ያኔውኑ ወደ ሐኪም ቤት ውሰዱት።

ጡት ማጥባት የምትችል እናት ከዚህ ሁሉ ጣጣ ታርፋለች። ያልቻለችውን ግን ማንም አይውቀሳት፤ ይልቅ ውሃውን እናፍላላት። ልጆቻችሁን ያሳድግላችሁ።