የማናውቃት ሴት ቀለበት

ታናሹ ልጄ የሚኖረው ለንደን ነው። አምና መስከረም ላይ ደውሎ፣ "እማዬ፣ ቀለበት ላስር ነው" ሲለኝ እልልታዬን የሰሙ ጎረቤቶች ምን ተገኘ ብለው መጡ። እልልታው ሳያልቅ ግን አንድ ነገር ጨመረልኝ። "ቀለበቱን ከጨረታ ቤት ነው የምገዛው። መቶ ዓመት ያለፈው የአልማዝ ቀለበት" አለ።

"ያገለገለ ማለትህ ነው?" አልኩት።

"ያገለገለ አይባልም እማዬ፣ ጥንታዊ ነው የሚባለው።"

ወንበር ከሆነ ጥንታዊ ይባል። ከሰው ጣት የወጣ ቀለበት ግን የሰው ነው አልኩ በልቤ። በአፌ ግን "እንደ ፈቃድህ" ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። እናቶች "እንደ ፈቃድህ" ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ እናንተ ታውቁታላችሁ።

ይህን ዓምድ የምትከታተሉ እንደምታውቁት የሥራ ዘመኔን የጨረስኩት በነርስነት ነው፤ አብዛኛውንም በማዋለጃ ክፍል። ነርስ ስለ ቀለበት ከወርቅ ሠሪ ባልተናነሰ ታውቃለች። ነፍሰ ጡር እጇ አብጦ ቀለበቷ አልወጣ ሲል ስንቱን በክር አውልቄያለሁ! የክሩን አንድ ጫፍ በቀለበቱ ሥር ታሳልፋላችሁ፤ ረጅሙን ክር ከቀለበቱ ጀምራችሁ ወደ ጣቱ ጫፍ አቅጣጫ፣ አንጓውን እስኪያልፍ አጥብቃችሁ ትጠመጥማላችሁ፤ ከዚያ በሥር ያሳለፋችሁትን ጫፍ ይዛችሁ ወደ ጣቱ ጫፍ እየሳባችሁ ስትፈቱት ቀለበቱ አብሮ ይወጣል። ጣቱ ከጠቆረ ወይም ከደነዘዘ ግን በክር አትታገሉ፣ ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ ቀለበት ይቆረጣል፣ ይበየዳል፣ ጣት ግን አይተካም።

ሌላም ዓይነት ማውለቅ አለ። ሰው ሲያርፍ ጌጡን አውልቀን፣ ፖስታ ውስጥ አሽገን፣ ሁለት ሰው ፈርሞበት ለቤተሰብ እናስረክባለን። ፖስታው ላይ "የወርቅ ቀለበት" ብለን አንጽፍም ነበር። "ቢጫ ብረት ቀለበት፣ ነጭ ድንጋይ ያለው፣ አንድ" ነው የምንለው። እኛ አንጥረኞች አይደለንማ። ያቺን ፖስታ ሲቀበሉ የሚንቀጠቀጡትን እጆች አልረሳም። ልጄ "ጥንታዊ" ሲል ለእኔ የታየኝ ያ ፖስታ ነበር።

ኅዳር ላይ ልጠይቀው ሄድኩ። ጨረታው ሦስት ቀን ሲቀረው "ነይና እይው፤ አንቺ ካልወደድሽው አልገዛም" አለኝ። ሸክሙን እኔው ላይ ጣለው ማለት ነው።

ለንደን የጨረታ አገር ናት። ሶዝቢስ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1744 ነው፣ ክሪስቲስ በ1766፣ ቦንሃምስ በ1793። እኛ የሄድንበት ግን ከእነዚህ አይደለም፤ ከከተማው ዳር ያለች፣ ከመጋዘን ብዙም የማትሻል አነስተኛ ቤት ናት። በሩ ላይ ማን ነህ፣ ምን ልትገዛ መጣህ የሚል የለም። ከጨረታው በፊት ባሉት ቀናት ማንም ገብቶ፣ ከመስታወቱ ውስጥ ይውጣልኝ ብሎ፣ በእጁ ይዞ ማየት ይችላል። ገንዘብ አይከፈልም። ልጅቷ ቀለበቶቹን በጥቁር ጨርቅ በተሸፈነ ትሪ ላይ ደርድራ ማጉያ መነጽር ስትሰጠኝ ልክ ለሕክምና ዕቃ የተሰናዳ ትሪ መሰለኝና ትንሽ ፍርሃቴ ለቀቀኝ።

የመጀመሪያው ቀለበት ልጄ በፎቶ አይቶ ልቡ የወደቀበት ነው። በእርግጥም ያምራል። በማጉያው ሳየው ግን ድንጋዩን ከያዙት ጥፍሮች ሁለቱ ተልጠው ወረቀት አክለዋል። ከታች በኩል፣ መዳፍ ላይ የሚያርፈው ወገን፣ እንደ ክር ቀጥኗል። መቶ ዓመት ከሰው እጅ ጋር የኖረ ወርቅ ይበላል። "ይሄ በአንድ ክረምት ድንጋዩን ይጥላል" አልኩት። ልጅቷ ስለ ዕቃው ሁኔታ የተጻፈውን መግለጫ አምጥታ አሳየችን፤ እውነትም እዚያው ተጽፏል። ፎቶውን እንጂ መግለጫውን አላነበበውም ነበር። መግለጫው ሲጠየቅ የሚሰጥ ነገር ነው፤ ልጆቻችሁ ከጨረታ የሚገዙ ከሆነ ሳይጠይቁ እጅ እንዳያወጡ ንገሯቸው።

ካታሎጉንም እዚያው ቁጭ ብዬ በልጄ አስተርጓሚነት አነበብኩት። ወደድኩት። እንደ እኛ ፖስታ በጥንቃቄ የተጻፈ ነው። "የኤድዋርድ ዘመን ቀለበት" ካለ በንጉሥ ኤድዋርድ ዘመን፣ ከ1901 እስከ 1910 ገደማ የተሠራ ነው ማለቱ ነው። "በኤድዋርድ ዘመን ስታይል" ካለ ግን ያንን አስመስሎ በኋላ የተሠራ ነው፤ ትናንት የተሠራም ሊሆን ይችላል። አንዲት ቃል የዋጋውን ግማሽ ትበላለች። የድንጋዩም ክብደት "በግምት" ይባላል፤ ድንጋዩ ካልወጣ አይመዘንምና። አንድ ካራት 0.2 ግራም ነው። የወርቁ ካራት ሌላ፣ የድንጋዩ ካራት ሌላ መሆኑን ልብ በሉ፤ የወርቁ ስለ ጥራት ነው፣ የድንጋዩ ስለ ክብደት።

እኛ የለመድነው ፒያሳን ነው። አንድ ክፉ ቀን አምባሬን ይዤ ሄጄ ሚዛን ላይ ሲወጣ አይቻለሁ፤ ፈርጡን ነቅሎ ጎን አስቀመጠና ወርቁን ብቻ በግራም አሰበልኝ። እዚያ ግን ወርቁ ሦስት ግራም ቢሆን ነው፤ ዋጋው የድንጋዩና የዕድሜው ነው።

ሁለተኛው ቀለበት አመድ የመሰለ ነበር። አንድ ድንጋይ ብቻ፣ ማዕዘኑ እንደ ትራስ የለዘበ፣ ብልጭታው የደበዘዘ። "ይሄ መስታወት ነው" አልኩ። ልጅቷ ሳቀችና አንድ ታሪክ ነገረችን። ጋዜጦች በሰፊው የጻፉት ነገር ነው። በ1980ዎቹ አንድ ሰው በምዕራብ ለንደን በሚገኘው ዌስት ሚድልሴክስ ሆስፒታል በተካሄደ የአሮጌ ዕቃ ሽያጭ ላይ አንዲት ቀለበት በ10 ፓውንድ ገዛ። አርቴፊሻል ጌጥ መስሎት ለዓመታት ለገበያም ለቤትም አደረገው። በኋላ ሲመረመር 26.27 ካራት አልማዝ ሆኖ ተገኘ! በ2017 ሶዝቢስ በ656,750 ፓውንድ ሸጠው። ያን ያህል ዘመን ማንም ያልጠረጠረው ድንጋዩ እንደ ዛሬዎቹ ስለማያንጸባርቅ ነው። (ሆስፒታል ውስጥ መሸጡ ደግሞ እኔን ለብቻው አሳዘነኝ፤ ስንት ነርስ በዚያች ጠረጴዛ አጠገብ አልፋ ይሆን!)

ለምን አያንጸባርቅም? በጥንት ጊዜ አልማዝ የሚቀረጸው በእጅ ነበር። ቀራጩ ድንጋዩ ክብደት እንዳይጎድልበት የተፈጥሮ ቅርጹን ተከትሎ ነው የሚሠራው። ድንጋዩም ውድ ነበር፤ እስከ 1720ዎቹ ድረስ ከሕንድ፣ ከዚያ ከብራዚል ነበር የሚመጣው። በ1860ዎቹ መጨረሻ ደቡብ አፍሪካ ላይ ሲገኝ ነው የበዛው። የዛሬው ዓይነት አቀራረጽ ስሌት የታተመው በ1919 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ድንጋዮች የሚታዩት በሻማና በፋኖስ ብርሃን ስለነበር፣ ብልጭታቸው ትልልቅና ቀስ ያለ ነው። እኔ ይህን ስሰማ ልጄን መብራት ያለበትን ጠረጴዛ ትቶ መስኮት አጠገብ እንዲያየው ነገርኩት። እዚያ ሲያዞረው እሳት የመሰለ ነገር ከውስጡ ወጣ።

የዛሬ አንጥረኞች የድሮውን አቀራረጽ አስመስለው አዲስ ድንጋይ ይቀርጻሉ፤ በላቦራቶሪ የተሠራም አልማዝ አለ። ሱቅ ውስጥ የሚገኘው ተራ መፈተሻ ደግሞ የላቦራቶሪውንና ከመሬት የወጣውን አይለይም። ስለዚህ ገንዘቡ በርከት ካለ የድንጋይ መመርመሪያ ላቦራቶሪ ወረቀት መጠየቅ ነውር አይደለም።

ማጉያውን ወደ ቀለበቱ ውስጠኛ ክፍል ሳዞረው የተፋቀ ጽሑፍ አገኘሁ። የ18 ካራት ምልክት፣ ከእሱ አጠገብ ሁለት የስም ፊደላት፣ ከዚያ 1911። ምኒልክ ገና በሕይወት ያሉበት ዘመን። ሳላስበው ቀለበቱን ጨበጥኩት። ይህችን ሴት አንዲት ነርስ ናት ያወለቀቻላት ይሆናል፤ ፖስታ ላይም "ቢጫ ብረት፣ ነጭ ድንጋይ" ብላ ጽፋላት ይሆናል። ከዚያ ልጅ፣ ከዚያ የልጅ ልጅ፣ ከዚያ ቤት ሲፈርስ ወደ ጨረታ። ከልጄ ጋር ሌላ ቃል አልተነጋገርንም፤ ትሪውን መልሰን ወጣን።

ማታ ሒሳብ ሠራን። ልጄ ያጠራቀመው 2,000 ፓውንድ ነው፣ ከዚያ በላይ የለውም። እኔ ቀላል መስሎኝ "እንግዲያው እስከ 2,000 ተጫረት" አልኩት። እንደዚያ አይደለም። መዶሻው የሚመታበት ዋጋ ሌላ፣ የሚከፈለው ሌላ። በዚያ ቤት ገዢው በመዶሻው ዋጋ ላይ 26 በመቶ ለአጫራቹ ይጨምራል፣ በዚያ ጭማሪ ላይ ደግሞ 20 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ አለ። 1,500 ላይ ቢመታ 390 ጭማሪ፣ 78 ታክስ፤ ድምሩ 1,968 ይሆናል። 1,600 ላይ ቢመታ 2,099። ስለዚህ ገደቡ 1,500 ሆነ። ወረቀት ላይ ጻፍኩና ኪሱ ከተትኩለት። ከተመታ በኋላ ሐሳቤን ቀየርኩ ማለትም አይሠራም።

በጨረታው ቀን ከኋላ ወንበር ተቀመጥን። አዳራሹ ባዶ ሊባል ምንም አልቀረው፤ ተጫራቹ በስልክና በኢንተርኔት ነው። በ800 ተጀመረ። ልጄ 900 ሲል እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሌላው 1,000፣ ልጄ 1,100፣ ሌላው 1,200፣ ልጄ 1,300፣ ሌላው 1,400። እዚህ ላይ ዞር ብሎ አየኝ። ለካ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ወድጄዋለሁ ብዬ አልነገርኩትም። አጫራቹ መዶሻውን አንስቶ ይጠብቃል። ራሴን ነቀነቅኩ። ልጄ እጁን አነሳ፣ 1,500። ከዚያ በኋላ የነበረው ዝምታ ምጥ ላይ ያለች ሴት ልጅዋ እስኪያለቅስ የምትጠብቀው ዓይነት ነው። መዶሻው መታ።

ቤት ወስጄ ለብ ባለ ውሃ፣ በጥቂት ሳሙናና በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ አጠብኩት። ይህን ከማድረጌ በፊት ከድንጋዩ ጀርባ ክፍት መሆኑን አይቻለሁ። በጣም የጥንቶቹ ጀርባቸው ድፍን ነው፤ ከውስጥ የሚያንጸባርቅ ስስ ብረት ስላለ ውሃ ከገባበት ይጠቁራል፣ እነሱን መንከር የለም። የእኛው ሲጠራ ልጄ አፉን ከፈተ።

የቀረው ነገር ከአልማዙ የከበደ ነበር። የልጅቷ እናት ለረጅም ዓመት እዚያው ለንደን የኖሩ ሰው ናቸው፣ ግን ወግ አጥባቂ ናቸው። እኔ "የሞተ ሰው ቀለበት ነው ከሚባል ዝም በል" አልኩት። "እማዬ፣ አማቴን ዋሽቼ ልጀምር?" አለኝ። አሳፈረኝ፤ ያሳደግኩት ራሴ ነኝ።

ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው፣ ቡናው ተፈልቶ፣ ቀለበቱ ሲታሰር ልጄ ሁሉንም ተናገረ፤ ጨረታውንም፣ ዓመቱንም፣ ሁለቱን ፊደላትም። ልጅቷ አዋላጅ ነርስ ናት፤ ቀለበቱን እያገላበጠች "ማን ነበረች?" ብላ ጠየቀችኝ እንጂ ሌላ አላለችም። አናውቅም አልኳት። ለጣቷ ጠቦ ስለነበር ማስፋት ግድ ሆነ፤ አንጥረኛው እንደልማዱ ከታች ቢቆርጠው ጽሑፉ ይጠፋ ነበርና ከጎን እንዲቆርጠው ለመነችው። ሥራ ላይ አታደርገውም፤ በእንግሊዝ ሆስፒታሎች ሠራተኛ ከተፈቀደለት ድንጋይ የሌለው ቀለበት ብቻ ነው። "እርስዎ ያንጊዜ የት ያደርጉት ነበር?" አለችኝ። በመርፌ ቁልፍ ከደረቴ ኪስ ውስጥ አልኳት።

እናትየው ግን ልጄ ሲናገር ስኒያቸውን አስቀምጠው ዝም አሉ። እኔ ወለሉን አየሁ። ቆይተው፣ "ታጥቧል?" አሉ።

"በሳሙና አጥቤዋለሁ" አልኳቸው።

ተነሥተው ከጓዳ የጸበል ጠርሙስ ይዘው መጡ።