መንገዱን የሳተ ፅንስ

የፅንስ ማረፊያ ማኅፀን መሆኑን የማያውቅ ተማሪ የለም። ይሁን እንጂ ከ100 እርጉዞች በአንዷ ወይም በሁለቱ ላይ ፅንሱ መንገዱን ስቶ ከማኅፀን ውጭ ይቀራል። ብዙውን ጊዜ የሚቀረው እንቁላሉ ወደ ማኅፀን በሚወርድበት ቀጭን ቱቦ ውስጥ ነው። ቱቦው እንደ ማኅፀን ሊለጠጥ አልተፈጠረምና ፅንሱ ሲያድግ ይቀደዳል፤ ደምም ወደ ሆድ ይፈስሳል። ፅንሱን ወደ ማኅፀን መልሶ መትከል አይቻልም፤ ስለዚህ የሐኪሙ ጭንቀት እናቲቱን ማትረፍ ነው። በ1883 ዓ.ም. (እንደ አውሮጳ አቆጣጠር) በበርሚንግሃም ከተማ ሎውሰን ቴት የተባለው ሐኪም ሆድ ከፍቶ የተቀደደውን ቱቦ በማውጣት በሽተኛይቱን አዳነ። ከዚያ ወዲህ ሆድን መክፈት ለብዙ ዘመን ዋናው ሕክምና ሆኖ ኖረ።

እጅግ አስቸጋሪው ግን ቱቦው የማኅፀኑን ግድግዳ በሚያልፍበት ሥፍራ የሚቀረው ፅንስ ነው። ከማኅፀን ውጭ ከሚቀሩት 100 ፅንሶች እዚያ የሚገኙት ከ2 እስከ 4 ቢሆኑ ነው። ሥፍራው በጡንቻ የተከበበ ስለሆነ ቶሎ አይቀደድም፤ ይህም ደግ ነገር ይመስላል። ነገር ግን ታላላቅ የደም ሥሮች የሚገናኙት እዚያው ነውና ዘግይቶ የተቀደደ እንደ ሆነ ደሙ ጎርፍ ነው። ስለዚህ ቀድሞ የማኅፀኑ ጥግ ተቆርጦ ይወጣ፣ አንዳንዴም ማኅፀኑ በሙሉ ይወጣ ነበር። ገና ላልወለደች ሴት ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ አንባቢ ራሱ ይገምተው።

በ1982 ዓ.ም. ታናካና ባልደረቦቹ የተባሉ የጃፓን ሐኪሞች እንዲህ ያለውን ፅንስ ያለ ቢላዋ ማከማቸውን አስታወቁ። መድኃኒቱ ሜቶትሬክሴት ይባላል፤ ለካንሰር የሚሰጥ ነው። ሴሎች ለመባዛት የሚሹትን ፎሊክ አሲድ እንዳይጠቀሙበት ያግዳል፤ የፅንሱም እድገት ይቆማል። (ለእርጉዝ ሁሉ ውሰጂ የሚባለው ቪታሚን እዚህ ላይ እንዲታገድ መፈለጉ ያስደንቃል!) ከዚያም በደም ውስጥ ያለው የእርግዝና ሆርሞን መቀነሱ በ4ኛውና በ7ኛው ቀን ይመረመራል።

መድኃኒቱ የማይስማማት ብትሆን ላፓሮስኮፒ አለ። በእምብርት አጠገብ በተበሳች ትንሽ ቀዳዳ ካሜራ ይገባል፤ ሐኪሙም በቴሌቪዥን መስኮት እያየ፣ በሌሎች ቀዳዳዎች በገቡ ቀጫጭን መሣሪያዎች ፅንሱን አውጥቶ ሥፍራውን ይሰፋዋል።

መድኃኒቱ የሚረዳው ግን ሳይቀደድ ከተደረሰበት ነው። የወር አበባዋ የቀረ ሴት ከሆዷ በታች በአንድ ወገን ካመማት፣ ደም ከታያት ወይም ካዞራት ሳትውል ሳታድር ሐኪም ዘንድ ትሂድ። የትከሻ ሕመምም አለ፤ በሆድ የፈሰሰው ደም ከሳንባ በታች ያለውን ጡንቻ ሲነካው የዚያ ነርቭ ሕመሙን በትከሻ ላይ ያሰማል። እንዲህ ያለችውን ሴት ብርድ መቷት ነው እያሉ በቅቤ ሲያሹ ደሙ አያቆምም።