ከሸረሪቷ ይልቅ መርዙን ይፍሩ

ሶር ወንዝ አጠገቧ በሚያልፈው በመቱና በሌሎቹ የኢሉባቦር ከተሞች ጓሮና ጫካ ጎረቤታሞች ናቸው። ዝናቡ ብዙ፣ ቅጠሉም ለምለም ነው። እንዲህ ባለ ሥፍራ የሚኖር ሰው ማታ መብራት ሲያበራ በራሪ ነፍሳት ቢጎርፉበት፣ ጠዋት ሲነሳ ሸረሪት ከጣሪያው ጥግ ድሯን አድርታ ቢያገኛት አይገርምም። የሚያሳስበው ከዚያ በኋላ የሚደረገው ነው። ለበቆሎ ወይም ለጎመን የተገዛ የእርሻ ፀረ ተባይ ወደ መኝታ ቤት ይገባል፤ አልጋና ግድግዳ ይረጭበታል፤ የተረፈው ለስላሳ መጠጥ በነበረበት ጠርሙስ ተሞልቶ አልጋ ሥር ይቀመጣል። ልማዱ የኢሉባቦር ብቻ አይደለም፤ በአዲስ አበባም፣ በሌሎች ከተሞችም አለ።

ውድ አንባቢያን፣ በቤትና በጓሮ ከምናያቸው ፍጥረታት አብዛኞቹ አይጎዱንም። የሚጎዱን ጥቂት ናቸው። ሁሉንም በአንድ መርዝ ለማጥፋት ስንነሳ ግን ከእነርሱ ይልቅ ራሳችንን እንጎዳለን።

ከሸረሪት እንጀምር። በዓለም ላይ ተለይተው ከታወቁት 50 ሺህ ያህል የሸረሪት ዝርያዎች በሰው ላይ ከባድ ጉዳት ማድረስ የሚችሉት እጅግ ጥቂት ናቸው። የአብዛኞቹ ንክሻ ለአጭር ጊዜ ከሚያሳክክ ወይም ከሚያም እብጠት አያልፍም። ሆኖም በደረት ወይም በወገብ አንድ ጎን ውኃ የቋጠረ ሽፍታ ሲወጣ «ሸረሪት ሸናብኝ» ሲባል እንሰማለን። ይህ ሽፍታ ብዙውን ጊዜ አልማዝ ባለጭራ የምንለው ሕመም ነው። የሚነሳው ጉድፍ ከሚያስይዘው ቫይረስ ነው። ጉድፉ ከዳነ በኋላ ቫይረሱ በነርቭ ውስጥ ለዓመታት ተደብቆ ይቆይና የሰውነት የመከላከል አቅም ሲዳከም እንደገና ይቀሰቀሳል። መድኃኒቱ ሽፍታው በወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር የበለጠ ይሠራል። ዓይን አካባቢ ከወጣ ደግሞ ዕይታን ሊያሳጣ ይችላል። ስለዚህ ሸረሪት ሲያሳድዱ ሦስት ቀን ከማሳለፍ ወዲያውኑ ጤና ጣቢያ መሄድ ይበጃል።

ሌላም የሚያሳስት አለ። በምሥራቅ አፍሪካ በዝናብ ወቅት መብራት ፈልጎ ወደ ቤት የሚገባ ቀይና ጥቁር ቀለም ያለው ትንሽ ጥንዚዛ አለ። አይናከስም፤ በቆዳ ላይ ሲጨፈለቅ ግን ፈሳሹ ያቃጥላል። አንገትዎ ላይ ነፍሳት ሲያርፍ በእጅ ከመጨፍለቅ እፍ ብለው ያባርሩት፤ ቦታውንም በውኃና በሳሙና ይታጠቡ።

ሸረሪት ከጉዳቷ ጥቅሟ ያመዝናል። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ጥናት የዓለም ሸረሪቶች በዓመት ከ400 እስከ 800 ሚሊዮን ቶን የሚገመቱ ነፍሳትንና ሌሎች ትንንሽ ፍጥረታትን እንደሚበሉ ገምቷል። በጎረቤታችን ኬንያና በኡጋንዳ፣ በቪክቶሪያ ሐይቅ ዙሪያ፣ ደም የጠጣች የወባ ትንኝን መርጣ የምታድን ሸረሪት አለች። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው አባባላችን ትንኝንም ይመለከታል ማለት ነው። ይህ ሲባል ግን ሸረሪት አጎበርን ትተካለች ማለት አይደለም።

እውነተኞቹን ጠላቶች ለይተን እንወቅ። የወባ ትንኝ እንቁላሏን የምትጥለው በተኛ ውኃ ላይ ነው፤ ከእንቁላል ተነስታ በራሪ እስክትሆን ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይበቃታል። በየሳምንቱ ግቢዎን ዞረው ውኃ ያቆረውን ዕቃ ቢደፉ፣ ጉድጓዱን ቢደፍኑ፣ ማታም አጎበር ውስጥ ቢተኙ ከማንኛውም ፍሊት የተሻለ ይጠበቃሉ። የጤና ባለሙያዎች ቤትዎን ለወባ መከላከያ ከረጩልዎ ደግሞ ግድግዳውን ቶሎ አይለስኑት።

እንደ ሶር በፍጥነት በሚፈሱ ወንዞች የምትራባው ጥቁር ዝንብ ደግሞ ኦንኮሰርኪያሲስ የተባለውን፣ ቆዳን የሚያሳክክና ዓይን የሚያሳውር በሽታ ታስተላልፋለች። የምትናከሰው በቀን ስለሆነ አጎበር አያድንም። መከላከያው ሰውነትን የሚሸፍን ልብስና በየቀበሌው የሚታደለውን መድኃኒት ሳያቋርጡ መውሰድ ነው። የቤት ዝንብን የሚቀንሰው የተከደነ መጸዳጃ ቤትና የተከደነ ምግብ ነው።

«ትኋንና ቁንጫ እንቅልፍ ነስተውኛል፤ ምን ላድርግ?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ልብስና አንሶላውን በፈላ ውኃ መዘፍዘፍ፣ ፍራሹን ፀሐይ ላይ ማስጣት፣ የአልጋውን ስንጥቅ በፈላ ውኃ ማጠብ፣ የግድግዳውን ቀዳዳ መድፈን ድካም አለው፤ ደጋግሞ ማድረግም ያስፈልጋል። ነገር ግን ሕፃን የሚተኛበትን ፍራሽ አይመርዝም።

የእርሻ ፀረ ተባይ የተሠራው አየር ለሚነፍስበት ማሳ ነው። በተዘጋ ክፍል ውስጥ በትንፋሽና በቆዳ ወደ ሰውነት ይገባል። ብዙ ምራቅና ላብ፣ ዕንባ፣ ማስመለስ፣ የጡንቻ መንቀጥቀጥና የትንፋሽ ማጠር የመመረዝ ምልክቶች ናቸው። ይህ ከታየ ሰውየውን ወደ ንጹሕ አየር ያውጡ፤ የተበከለ ልብሱን አውልቀው ገላውን በሳሙና ይጠቡት፤ እርስዎም እጅዎን ከመርዙ ይጠብቁ። መርዙን ጠጥቶ ከሆነ ወተት አይጋቱት፣ እንዲያስመልስም አያስገድዱት። ዕቃውን ይዘው ወደ ጤና ተቋም ይሩጡ።

በአሮጌ ጠርሙስ የተቀመጠ መርዝ ለሕፃን ዓይን ለስላሳ መጠጥ ነው። ስለዚህ መለያ ጽሑፍ የሌለውን አይግዙ፤ የገዙትንም ከዋናው ዕቃ አይገልብጡ፤ ከመኖሪያ ክፍል ውጭ ቆልፈው ያስቀምጡ።

ለጓሮውም እናስብ። ኢሉባቦር በዛፍ ላይ ቀፎ የሚሰቀልበት የቡናና የማር አገር ነው። የያዩ የቡና ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ቡና ራሱን በራሱ ማዳቀል ቢችልም ንብ ሲጎበኘው ፍሬው እንደሚጨምር ጥናቶች ያሳያሉ። አበባ ላይ የተረጨ መርዝ ንቡን ይገድላል። መርጨት ግድ ከሆነ አበባ በሌለበት ጊዜ፣ ንብ ወደ ቀፎው ከገባ በኋላ፣ አመሻሽ ላይ ይሁን።

ኃላፊነቱ የነዋሪው ብቻ አይደለም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ስለ አጎበር ታስተምራለች፤ የግብርና ባለሙያው ስለ ማሳ ርጭት ይመክራል። የማሳው መርዝ መኝታ ቤት ሲገባ ግን የማን ጉዳይ ነው? የሁለቱም መሆን አለበት። መርዝ በየጠርሙሱ እየቀዳ የሚቸረችር ነጋዴም ሊጠየቅ ይገባል።

እስከዚያው ድረስ ዛሬ ማታ አልጋዎ ሥር ይመልከቱ። እዚያ ሸረሪት ካገኙ በመጥረጊያ ወደ ጓሮ ይሸኟት። ጠርሙስ ካገኙ ግን ሳያድር ከቤት ያውጡት።