ከቆርቆሮው በፊት እንድረስ

አንድ እሑድ ጠዋት የሰፈራችን ልጆች ኳሳቸውን ይዘው ወደ ሜዳው ወረዱ። ሜዳው በአንድ ሌሊት ታጥሯል። ቆርቆሮው አዲስ ነው፣ ሚስማሩ ገና ያብለጨልጫል። ከሁሉም ትንሹ ልጅ ኳሷን በብብቱ እንደያዘ ዓይኑን ሽንቁሩ ላይ ለጥፎ ወደ ውስጥ ያያል።

ሰኞ ወረዳ ሄድኩ። «ይሄ እኮ ለነዋሪው ተነግሯል» ብለው ወደ ማስታወቂያ ሰሌዳው ወሰዱኝ። እውነትም ወረቀቱ አለ። ዝናብ አጨማዶታል፣ የማኅተሙ ሰማያዊ ቀለም ፈሷል፤ ግን ይነበባል። በቦታው አጠቃቀም ላይ ውይይት ስለሚደረግ ነዋሪዎች እንድትገኙ ይላል። ቀኑ ካለፈ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። በዚያው ሰሞን መታወቂያ ላሳድስ በዚያ ሰሌዳ ፊት ሁለት ጊዜ ተሰልፌአለሁ። ቀና ብዬ አላነበብኩም።

ያ ወረቀት እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ወገኖቼ፣ ቀና ብለን እናንብብ። ቀኑ ሳያልፍ እንድረስ።

አዲስ አበባ ውስጥ ውሃ በፈረቃ ስንት ቀን እንደሚመጣ፣ የቆሻሻ ገንዳው ማን ደጅ እንደሚቀመጥ፣ የትኛው የውስጥ ለውስጥ መንገድ ኮብልስቶን እንደሚለብስ፣ የትኛው ሰፈር ተነሥቶ የት እንደሚሄድ፣ ይሄ ሁሉ ከሰማይ አይወርድም። ሰዎች አዳራሽ ገብተው፣ ተነጋግረው፣ እጅ አውጥተው ይወስኑታል። የከተማው ምክር ቤት 138 መቀመጫ አለው። ከሱ በታች ክፍለ ከተማውም ወረዳውም ይሰበሰባል። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ከሰኔ በፊት ያልተነሣ ጥያቄ ዓመቱን ሙሉ «በጀት አልተያዘለትም» ሲባል ይከርማል።

የመሬቱ ነገር ደግሞ ይብሳል። ከሐምሌ 1967 ዓ.ም. አዋጅ ወዲህ የከተማ ቦታ የግል ንብረት አይሆንም። በ1986 ሊዝ መጣ፤ በ2004 የወጣው አዋጅ ቁጥር 721 መሬት በጨረታና በምደባ እንዲተላለፍ ደነገገ። ሕገ መንግሥቱ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። መሬቱ የሕዝብም ከሆነ፣ ስለ መሬቱ ሲወሰን የሕዝቡ ወንበር ለምን ባዶ ይሆናል?

ዘግይቶ መድረስ ምን እንደሚያስከፍል በከተማችን የቆሻሻ መጣያ በቆሼ አይተናል። በ2008 ለከተማችን ቆሻሻ አዲስ ቦታ ተብሎ ሰንዳፋ ተከፈተ። የአካባቢው ገበሬዎች ሽታው ገደለን፣ ውሃችን ተበከለ፣ ከብታችን አለቀ ብለው ተነሡ። በወራት ውስጥ ተዘጋ፤ የቆሻሻ መኪኖቹም ወደ ቆሼ ተመለሱ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ምሽት፣ የቆሻሻው ተራራ ተናደ። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ እናቶች ከነልጆቻቸው ከጎጆአቸው ሳይወጡ ቀሩ። ገበሬው የተሰማው መኪናው ደጁ ከደረሰ በኋላ ነው። የቆሼን ነዋሪ ደግሞ አገር ሁሉ የሰማው በሬሳ ፍለጋው ቀን ነው። ሁለቱም ካርታው ገና ጠረጴዛ ላይ ሳለ ሊጠየቁ ይገባ ነበር። እኛ፣ ቆሻሻችንን በማዳበሪያ ቋጥረን በር ላይ የምናስቀምጠው ሁሉ፣ የት እንደሚሄድ አልጠየቅንም።

አሁን እንጠይቅ።

መብቱ የማንም ችሮታ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን አለበት ይላል። በአንቀጽ 43 ደግሞ ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከት ፖሊሲና ፕሮጀክት ላይ ሐሳባቸውን እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት አላቸው። የመረጃ ነፃነት አዋጁ፣ 590/2000፣ መረጃ የጠየቀ ሰው በ30 ቀን ውስጥ መልስ እንዲያገኝ ያዛል። እንግዲህ በጽሑፍ ጠይቁ። ቀን ጻፉበት፣ ቅጂ ያዙ። እንቢ ከተባላችሁ የተቋሙ ኃላፊ አለ፣ ከሱም በላይ የሕዝብ እንባ ጠባቂ አለ።

ብቻችሁን አትሂዱ። ሁለት ሆናችሁ ሂዱ፣ ሦስት ሆናችሁ ሂዱ። በትሕትና ጠይቁ፤ ግን መልስ ሳትይዙ አትመለሱ። ውሃ መጠየቅ፣ የልጆች ሜዳ መጠየቅ የሚያስፈራ ነገር የለውም።

ጎረቤቴ የሆኑ አንዲት እናት ያደረጉትን ልንገራችሁ። ግድግዳቸው ላይ በተሰቀለው የባንክ ካላንደር፣ ውሃ የመጣበትን ቀን ሁሉ በእርሳስ ያከቡታል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ተነሥተው ጀሪካን ሲደረድሩ፣ መጀመሪያ ካላንደሩ ላይ ቀኑን ያከባሉ። የወረዳው ስብሰባ ላይ ያንን ካላንደር ከግድግዳ አውርደው፣ ጠቅልለው ይዘው መጡ። ሌላው ሰው ሲያማርር እሳቸው ዘርግተው ቀኖቹን አንድ በአንድ አነበቡ። አዳራሹ ጸጥ አለ። መድረክ ላይ የነበሩት አጎንብሰው መጻፍ ጀመሩ። ከሁለት ሳምንት በኋላ የሰፈራችን ፈረቃ ተስተካከለ። እኚህ እናት ንግግር አላደረጉም፣ ማንንም አልሰደቡም፤ ቆጥረው መጡ፣ በቃ።

እኛም እንቁጠር። እንጻፍ። እንገኝ።

እድር አለን አይደል? ለቀብር ተራ እንይዛለን፤ ዝናብም ቢሆን፣ ሥራም ቢኖር ማንም አይቀርም፤ የቀረ ይቀጣል። ሞታችንን እንዲህ የምንጠብቅ ሰዎች ኑሮአችንን እንዴት አንጠብቅም? ከየእድራችን ሁለት ሰው በተራ እንመድብ። ሰኞ ሰኞ የወረዳውን ሰሌዳ ያንብቡ፣ ወረቀቱን በስልክ ያንሡና በሰፈሩ ቴሌግራም ይልቀቁ። ስብሰባ ካለ ይግቡ። ምን ቀረበ፣ ማን ምን አለ፣ ምን ተወሰነ ብለው ይጻፉ። እሑድ ለእድርተኛው ያንብቡ። የከተማው ምክር ቤት ጉባኤ በአዲስ ሚዲያ ኔትወርክ ሲተላለፍ ደግሞ ቡና አፍልተን አብረን እንይ።

ጡረተኛ መምህር፣ ቃለ ጉባኤ እንደ እርስዎ የሚይዝ የለም፤ ይምጡ። ወጣቶች፣ ስልኩ በእጃችሁ ነው። እናቶች፣ የውሃውንም የቱቦውንም ነገር ከእናንተ በላይ የሚያውቅ መሐንዲስ አላየሁም። ተከራይ ነኝ ብለህ የቀረኸው ወንድሜ፣ ሰፈር ሲነሣ መጀመሪያ ዕቃህን የምትሸክመው አንተ ነህ።

ጊዜውም ይገፋናል። በ2009 የጸደቀው የከተማችን መዋቅራዊ ፕላን እስከ 2019 የተሠራ ነው፤ ማብቂያው ደጃችን ላይ ነው። ያ ፕላን ከመቶ 30 እጁ ለመንገድ፣ 30 እጁ ለአረንጓዴና ለክፍት ቦታ፣ 40 እጁ ለግንባታ ይሁን ብሎ ነበር። የልጆቻችን ሜዳ ከየትኛው 30 ውስጥ እንደነበረ ማናችን ጠየቅን? ቀጣዩ ካርታ ሲዘረጋ ጣታችንን ቦታው ላይ አድርገን «ይሄ ሜዳ ነው፣ እዚህ ልጆች ይጫወታሉ» የምንል እኛ ነን።

የፊታችን እሑድ ከእድር በኋላ ማንም እንዳይነሣ። ደብተሩን ገዝቼዋለሁ። የመጀመሪያውን ሰኞ ተራ ለራሴ ይዤ ስሜን በመጀመሪያው መስመር ጽፌአለሁ። ሁለተኛው መስመር ላይ ማንን ልጻፍ?