ድካምን ስንፍና አንበለው



በጦር ሰፈር ኑሮ የሰው ልጅ በጉልበቱ ይመዘናል። ዳገት ሲወጣ ትንፋሽ የሚያጥረው ወታደርም ሆነ ቡናዋን ሳታፈላ አረፍ የምትል እናት «ሰነፍ» የሚል ስም ቶሎ ይለጠፍባቸዋል። ይሁን እንጂ ድካሙ የታይሮይድ ዕጢ ሕመምና የደም ማነስ በአንድነት ያመጡት ሊሆን እንደሚችል መገንዘብ ያሻል።

ታይሮይድ በአንገት ፊት ለፊት የሚገኝ፣ ሲያብጥ እንቅርት የምንለው ዕጢ ነው። ሳያብጥም ሊታመም ይችላል። የሚያመነጨው ሆርሞን ሲያንስ የአጥንት መቅኔ ሥራውን ስለሚያቀዘቅዝ ቀይ የደም ሕዋሳት ይቀንሳሉ። በሴቶችም ላይ የወር አበባ በዝቶ በሰውነት የተከማቸው ብረት ሊሟጠጥ ይችላል። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ዕጢውን የሚያጠቃው የሰውነት የራሱ መከላከያ ጨጓራንም ስለሚጎዳ፣ ደም ለመሥራት የሚያስፈልገው ቫይታሚን ቢ 12 ወደ ሰውነት ሳይገባ ይቀራል።

ጉዳቱ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ አይደለም። ዕጢው አዮዲንን ወደ ሆርሞን የሚለውጠው ብረት ባለው ኤንዛይም ነውና፣ ብረት ሲጎድል አዮዲኑ በሚገባ አይሠራም። እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ አንድ ጥናት ይህንኑ ያስረዳል። በምዕራብ ኮትዲቯር እንቅርት ለነበረባቸው ሕፃናት አዮዲን ከተሰጠ ከ30 ሳምንታት በኋላ፣ በብረት እጥረት ደማቸው ካነሰው መካከል 64 ከመቶው እንቅርቱ አልለቀቃቸውም፤ ደማቸው ካላነሰው መካከል ግን 12 ከመቶው ብቻ ነበሩ። እንግዲህ አዮዲን ያለው ጨው አስፈላጊ ቢሆንም፣ ደም ላነሰው ሰው ብቻውን ላይበቃ ይችላል።

ሁለቱም መድኃኒቶች የታዘዙለት ሰው ሰዓት መጠበቅ አለበት። ሌቮታይሮክሲን የተባለውን የሆርሞን ኪኒን ከብረት ኪኒን ጋር በአንድ ጊዜ የዋጠ እንደሆነ፣ ብረቱ ሆርሞኑን አንጀት ውስጥ ይዞ ያስቀረዋል። ስለዚህ የሆርሞኑ ኪኒን ጧት በ12 ሰዓት በባዶ ሆድ፣ በውኃ ብቻ ይዋጥ። ቁርስና ቡና ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ይቆዩ። የብረቱ ኪኒን ቢያንስ ከ4 ሰዓታት በኋላ፣ ለምሳሌ ከረፋዱ 5 ሰዓት ላይ ሊወሰድ ይችላል። ሻይና ቡና ብረት ወደ ደም እንዳይገባ ስለሚከለክሉ ከብረቱ ኪኒን ጋር አይጠጡ፤ ብርቱካን ግን ይረዳል።

ነፍሰ ጡር የሆነች እናት ከማንም ይበልጥ ጥንቃቄ ያሻታል፤ የጽንሱ አእምሮ በሆርሞኑም በብረቱም ላይ የተመሠረተ ነውና።

እንግዲህ የማይለቅ ድካም፣ ብርድ አለመቻል፣ የፊት መገርጣት ወይም የልብ ትርታ መፍጠን የታየበት ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ የደሙም የዕጢውም ምርመራ እንዲደረግለት ይጠይቅ። መንስኤው ሳይታወቅ ብረት በግምት አይወሰድ፤ የታዘዘውም ኪኒን «ተሽሎኛል» ተብሎ አይቋረጥ። ባል ሚስቱን፣ ጓደኛም ጓደኛውን «ሰነፍ» ከማለቱ በፊት «ተመርምረሃል ወይ? ተመርምረሻል ወይ?» ብሎ ይጠይቅ።