ሲንቄውን ከአዳራሽ በር ላይ አንሱልን

ሰሞኑን ሮቤ ውስጥ በአንድ አዳራሽ በር ላይ ያየሁት ነገር እስካሁን ያንገበግበኛል። በጨሌ ያጌጡ እናቶች ሲንቄያቸውን ይዘው ግራና ቀኝ ተሰልፈዋል። ከመኪና የሚወርደው እንግዳ ሁሉ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደለጠፈ በመሃላቸው ሰንጥቆ ያልፋል። እነሱ ይዘፍናሉ፤ እሱ ቀና ብሎ እንኳ አያያቸውም። ሰዓቱ ሲደርስ አንድ ወጣት መጣና ዘፈኑን ከመሃል አስቁሞ እናቶቹን ወደ ጓሮ ይዟቸው ሄደ። ስብሰባው የተጠራው ስለ ሴቶች መብት ነበር።

የእነዚያ እናቶች ዘፈን ራሱ ችሎት መሆኑን የሚያውቅ ሰው እንዲህ አያደርግም።

ለማያውቅ ባጭሩ ልንገር። በአርሲ ኦሮሞ ዘንድ፣ እዚህ ባሌ ደጋም፣ ሴት ልጅ ስትዳር እናቷ ቀጥ ያለች ቀጭን በትር ትሰጣታለች። ሲንቄ እሷ ናት፤ ዛሬ ብዙው ሰው ስሟን የሚያውቀው በስሟ ከተጠራው ባንክ ነው። ባል ሚስቱን፣ ይልቁንም አራስ ሚስቱን፣ ቢመታ ተበዳዪዋ እልል ትላለች። እልልታውን የሰማች ባለትዳር ሁሉ፣ የምታቦካው ሊጡን፣ የምታልበው ላሟን ትታ ሲንቄዋን ይዛ ትወጣለች። ተሰብስበው እየዘፈኑ ወደ በዳዩ ደጅ ይሄዳሉ። መንገድ ላይ ያገኛቸው ሰው ቆሞ ያሳልፋቸዋል እንጂ ፊታቸውን አያቋርጥም። ደጁ ላይ ጥፋቱን በዜማ ይዘረዝሩበታል፤ ይሰድቡታል። አምኖ፣ ይቅርታ ጠይቆ፣ ጊደር እስኪክስ ድረስ ንቅንቅ የለም። ከካሰ በኋላ ዘፈኑ ይለወጥና ሲሰድበው የነበረው አፍ ይመርቀዋል። ይህ የሴቶች ዜማ አቴቴ ይባላል፤ ዝናብ ለመለመንም ልጅ ለመለመንም ይዜማል፤ እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ይህ የፍርዱ አቴቴ ነው። ሌይላ ቃሹ የተባለች የሙዚቃ ተመራማሪ የዶክትሬት ሥራዋን የሠራችው በዚሁ ላይ ነው፤ ያጠናችውም በዘፈን የሚካሄድ የሴቶች ዳኝነት አድርጋ ነው።

ዘፈን መዝናኛ ነው ከሚሉ ሰዎች ጋር ያለኝን የቆየ ሙግት አንባቢዎቼ ታውቁታላችሁ። ሙዚቃ አገር ይለውጣል ስል ደግሞ ሌሎቹ ቶሎ ብለው ታላላቅ ስም ይጠሩልኛል። አሊ ቢራ ይሉኛል፤ እውነት ነው፣ ድሬዳዋ ላይ በ1950ዎቹ አፍራን ቀሎ የተባለው የሙዚቃ ቡድን ሲመሠረት በኦሮምኛ መድረክ ላይ መዝፈን ራሱ ድፍረት ነበር። ሀጫሉ ይሉኛል፤ ታኅሣሥ 2010 ሚሊኒየም አዳራሽ ለተፈናቃዮች በተዘጋጀው መድረክ ላይ እንዴት እንደዘፈነ ያየ ሰው አይረሳውም። እኔም አልረሳሁም። ነገር ግን የለውጥ ዘፈን ስንል ዓይናችን ሁልጊዜ አንድ ወንድና አንድ ማይክ የሚፈልገው ለምንድን ነው? እዚህ ባሌ ያሉ የገሰራ ሴቶች ያለ ማይክ፣ ያለ ካሴት፣ ስንቱን ቤት ሲያቃኑ ኖረዋል።

ገሰራ ገበያ ቅቤ የሚሸጡ አንዲት እናት፣ አዴ እላቸዋለሁ፣ ይህን አጫውተውኛል። በልጅነታቸው እናታቸው ከወጡበት አቴቴ አንዱን ያስታውሳሉ። ሰውዬው ጉልበተኛ ነበር፤ ሽማግሌ ቢመክረው አይሰማም። ሴቶቹ ደጁ ላይ ቆመው ስሙን እያነሱ ሲዘፍኑበትም ከቤቱ አልወጣ አለ። ያሸነፈው ስድቡ አልነበረም ይላሉ አዴ፤ ግጥሙን የሰሙ እረኞች በማግስቱ ከብት ሲነዱ ይሉት ጀመር፤ የገዛ ልጁም አብሮ ያዜማል። በዚህ ጊዜ ጊደሩን ጎትቶ ወጣ።

እዚህ ላይ የዘፈኑ አሠራር ብልሃት አለበት። አንዷ ታወጣለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። ቃሉ የማን ነው ቢባል የሁሉም ነው፤ ነጥሎ የሚበቀላት ሴት የለችም። ብቻዋን ብትናገረው ዱላ የሚያስከትልባት ቃል በተቀባዮቿ አፍ ሲያልፍ ፍርድ ይሆናል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2019 ላስ ቴሲስ የተባሉ የቺሊ ሴቶች አደባባይ ወጥተው ደፋሪውን በዜማ ሲከሱ፣ ዜማው ከቫልፓራይሶ ተነሥቶ በየአገሩ ከተማ ተዳረሰ። ዓለም አዲስ ነገር አየሁ አለ። የእኛ እናቶች ይህን ከመቼ ጀምሮ ሲሠሩበት ኖረዋል!

ጊዜው አልፎበታል፣ አሁን ሕግ አለ የሚለኝ አይጠፋም። አለ። በ1997 ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በትዳር ውስጥ የሚፈጸምን ጥቃት ያስቀጣል፤ ደግ አድርጓል። ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ግን ቀድሞ የሚደርሰው ሕጉ ነው ወይስ ጎረቤት?

ነገሩን ያነሣሁት በአዳራሹ ተናድጄ ነበር፤ እየጻፍኩ ሳለ ግን ሐሳቤ ሌላ ቦታ ሄደ። በአንድ ጤና ጣቢያ የምትሠራ ዘመዴ የነገረችኝ ነው። ሮቤ ውስጥ በምትኖርበት የኪራይ ግቢ አንዱ ተከራይ ሚስቱን ሊመታ ሲል ትልቁን ስፒከር ይከፍታል። ሙዚቃው ለምን እንደተከፈተ ግቢው በሙሉ ያውቃል። ማንም በር አያንኳኳም። ገጠር ላይ ሴት እልል ስትል ዘፈን ይከተላት ነበር፤ እዚህ ዘፈን ጩኸቷን ይውጠዋል። ከዚያ አዳራሽ ይልቅ ያመመኝ ይሄ ነው።

በዚያ ግቢ የኦሮሞዋም፣ የአማራዋም፣ የጉራጌዋም ሴት አብረው ይኖራሉ፤ ብዙዎቹ ሲንቄ የላቸውም። ለገሰራዋ አዴ ይህን አንሥቼላቸው ነበር፤ ሲንቄ የሌላት ጎረቤት እልልታ ብትሰማ ምን ታድርግ አልኳቸው። መጥታ ትቀበል፣ ነው ያሉኝ፤ ለመቀበል እጅና አፍ ይበቃል።

እንግዲያው በሮቤም በጎባም ላሉ እድሮች ጥያቄ አለኝ። ሰው ሲሞት ጥሩምባ ታስነፋላችሁ፤ በሌሊትም ቢሆን ሰፈሩ ይወጣል። መተዳደሪያ ደንባችሁ ላይ አንድ አንቀጽ ጨምሩ፤ በሰፈሩ አንዲት ሴት ስትመታ ከተሰማም ጥሩምባው ይነፋ፣ ሴቶቹም ተሰብስበው እየዘፈኑ ደጁ ላይ ይቁሙ። የመጀመሪያው እድር ይህን ሲያጸድቅ ንገሩኝ፤ ቃለ ጉባኤውን እዚሁ ዓምድ ላይ እንዳለ አወጣዋለሁ።